ፍትሕና ምሕረት የተጻፈበት ብር

ገንዘብ የተባለ ሁሉ፣ ብርም ቢሆን ወረቀትም ቢሆን፣ የሚሠራው በሰው እምነት ነው። እምነቱ የጠፋ እንደ ሆነ የንጉሥ መልክ ቢቀረጽበትም ገበያ አይቀበለውም። ለዚህም ነገር አባቶቻችን ጠገራ ብር ከሚሉት ከማርያ ቴሬዛ ታለር የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ታለር የቀድሞ የጀርመኖች ገንዘብ ስም ነው፤ ስሙም የመጣው በቦሄምያ አገር ካለችው ዮአኪምስታል ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው። ዶላር የሚለውም ስም ከዚሁ የተወለደ ነው። የኦስትርያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ስትሞት፣ ከዚያ በኋላ መልኳን ይዞ የተሠራው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። በአንድ ፊቱ ንግሥቲቱ የመበለት ሻሽ ደፍታ፣ በትከሻዋም የዕንቍ ጌጥ አድርጋ ትታያለች፤ በጀርባው ክንፉን የዘረጋ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ከመልኳ በታች ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉት ፊደሎች፣ ዛሬ በጀርመን ባቫርያ ውስጥ በምትገኘው በጉንዝቡርግ ብሩን ያሠሩ የነበሩት የሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በዙሪያውም በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ተጽፎበታል።

ይህ ብር በተወለደበት አገር ከ1858 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ሲቀር፣ በእኛ አገር ግን ጸንቶ ኖረ። የአገራችን ነጋዴ ዕንቍውን ቈጥሮ፣ ፊደሎቹንም መርምሮ ይቀበል ነበር፤ መልኩ የጠፋውን ይመልሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ብር በፓሪስ ባሠሩ ጊዜ እንኳ፣ የገጠሩ ሕዝብ የለመደውን ጠገራ አልተወም። ኢጣልያም አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረቀት ሊሯ በገጠር ተቀባይ እንደማታገኝ ስላወቀች፣ የብሩን ማኅተም ከኦስትርያ ወስዳ በ1935 በአውሮፓ አቆጣጠር በሮም ማሠራት ግድ ሆነባት። እንግዲህ የጦር ኃይል ያልቻለውን የማይለወጥ ሚዛን ቻለ ማለት ነው።

ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ መንገዱ በአዲጋላ በኩል ነበር። 1000 ጠገራ 28 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ቀድሞ በግመል ጀርባ ይጓዝ የነበረው ብር ከዚያ ወዲህ በባቡር ያልፍ ጀመር። በዚያ ደረቅ አገር ለሚኖረው ለኢሳ አርብቶ አደር ግን ባንኩ መንጋው ነው፤ ከመንጋው ሽያጭ የተረፈውን በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ብርም በሆነ ጊዜ ለአንጥረኛ ሰጥቶ የሴቶች ጌጥ ያሠራበታል። ስለዚህ የገንዘብ ለውጥ አዋጅ ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው እርሱ ነው።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ፣ መንግሥት የሕዝቡን ልማድ አይቶ 50 ሳንቲሙን ከብር አሠራው። ይህ በእውነት አስተዋይነት ነበር። ከዚያም በ1969 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በመስከረም 2013 ዓ.ም. የወረቀቱ ገንዘብ ተለወጠ። በ2013ቱ ለውጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር።

ሦስት ወር ለከተማ ሰው ይበቃል፤ ዝናብና ሣር ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው ግን አዋጁ በጆሮው እስኪደርስ ድረስ ግማሹ ያልፋል። የጊዜው ርዝመት ለኮንትሮባንድና ለሐሰተኛ ገንዘብ በር ይከፍታል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ንግግራቸውም ከንቱ አይደለም፤ ይልቁንም በድንበር አጠገብ። ነገር ግን ስለ ወንበዴው ሲባል ቅኑ ሰው የድካሙን ዋጋ ሊያጣ አይገባም። ጊዜው ሊረዝም የማይቻል ከሆነ ሹሙ ወደ ሕዝቡ ይቅረብ፤ ይኸውም በባቡሩ ጣቢያ፣ በገበያ ቀን፣ ከብቱም በሚጠጣበት ጕድጓድ ዘንድ ገንዘብ ለዋጮች ይቀመጡ፤ አዋጁም በሶማልኛ በሽማግሌዎችና በሼኾች አፍ ይነገር። በደጋውም አገር ይህን ሥራ ካህናት በደብራቸው ሊያግዙ ይችላሉ።

ገንዘብ መለወጥ የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ ማንም አይከራከረውም። የሥልጣኑ መልካምነት የሚታወቀው ግን በዋናው ከተማ ባንክ ደጃፍ ሳይሆን፣ እንደ አዲጋላ ባለ በሩቅ ስፍራ ነው። የባዕድ ንግሥት ብር በዙሪያው የያዛቸውን ሁለቱን ቃላት፣ የእኛ ሹማምንት በሥራቸው ቢጽፏቸው፣ ሕዝቡ አዲሱን ገንዘብ እንደ ጠገራው ሳይጠራጠር ይቀበላል።