ትውውቅ ይቅደም፤ ሽያጭ ይከተል

በየካ ክፍለ ከተማ በሾላ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ነጋዴ ደንበኛዋ በመጣች ጊዜ አስቀድማ የምትጠይቃት ስለ ቤተሰቧ ደኅንነት ነው። አንዳንድ ቀንም «እትዬ፥ የዛሬው ቅቤ ለርስዎ የሚሆን አይደለም፤ ለቅዳሜ መልካሙን አስቀምጥልዎታለሁ» ብላ ባዶ እጇን ትመልሳታለች። በዚያን ቀን የአንድ ኪሎ ቅቤ ዋጋ ቢቀርባትም የብዙ ዓመት ገበያ ታተርፋለች። «ደንበኛ» የሚለው ቃል ገዢን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛና እውነተኛ የሆነውንም ነገር የሚያመለክት መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ከዚሁ ገበያ ጥቂት ራቅ ብሎ በመገናኛ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ቢሮ የከፈተ ወጣት ላኪ ግን ይህን ልማድ ረስቶ ሲሠራ ይታያል። በጠረጴዛው ላይ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሥራ የጀመረውና ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አባላት ያሉት፥ ሊንክድኢን የተባለው የባለሙያዎች መተዋወቂያ መረብ ተከፍቷል። በሐምቡርግ ወይም በዱባይ የሚኖር ገዢ የትውውቅ ጥያቄውን በተቀበለለት ደቂቃ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ ዝርዝር ይልክለታል፤ ያንኑ ጽሑፍ አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ለሌሎች መቶ ሰዎች ያዳርሰዋል። መልስ ሳያገኝ ሲቀርም መረቡ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አይጠቅምም ብሎ ይፈርዳል።

ጉድለቱ ግን ከመሣሪያው አይደለም። ለላኪው ምንም ድካም ያላስከተለ መልእክት በተቀባዩም ዘንድ ክብር የለውም። በሩቅ ያለ ገዢ የሚሠጋው ከዋጋው ይልቅ ጭነቱ ከናሙናው ጋራ ይስማማ እንደሆነ፥ ውሉም በቀኑ ይፈጸም እንደሆነ ነው። ይህን ሥጋት የዋጋ ዝርዝር አያስወግደውም፤ የሚያስወግደው የሰውየው ታማኝነት መታወቅ ብቻ ነው።

የቡና ንግድ ለዚህ ምስክር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የክፍያን ነገር በማስተማመን ታላቅ ጥቅም ቢያስገኝም፥ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለ ነበረ የውጭ ገዢ ያመረተውን ሰው ለይቶ ለማወቅ ይቸገር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 የምርቱ መነሻ እንዲታወቅና አምራቹ በቀጥታ ከውጭ ገዢ ጋራ እንዲገናኝ መንገዱን አሰፋ። እንግዲህ ገዢው ከጆንያው ጋራ ሰውየውንም ማወቅ ይሻል። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የውጭ ባለሀብቶች በወጪና በገቢ፥ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ግዴታዎች እንዲሠሩ ፈቅዷል። እነዚህ ሰዎች በገንዘብ ብዛት ሊበልጡ ይችላሉ፤ የአገሩ ነጋዴ በቀላሉ የማይነጠቀው ሀብት ግን ስሙና ወዳጁ ነው።

የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ የሚያስጨንቀው ነጋዴ ለትውውቅ ጊዜ የለኝም ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም መቶ መልእክት በከንቱ የሚበትንበትን ሰዓት ለአሥር ሰዎች ቢያውለው ኪሳራ አይሆንበትም። ገዢው የጻፈውን አንብቦ በሚያውቀው ነገር ይመልስለት፤ ቡናው የተለቀመበትን ቦታና የታጠበበትን ጣቢያ ይግለጥለት፤ ዝናሙ መከሩን ካዘገየውም ሳይደብቅ ይንገረው። የሌለውን ዕቃ ሲጠየቅ ዕቃው ያለውን ሌላ ነጋዴ ይጠቁም። ናሙናና ዋጋ የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው። አስመጪውም ከውጭ አቅራቢው ጋራ፥ ባለሱቁም ከጅምላ ሻጩ ጋራ እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል፤ ዕቃ በጠፋ ጊዜ አቅራቢ በዱቤ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነውና።

ይህ ሲባል ወዳጅነት የሽያጭ ወጥመድ ይሁን ማለት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዋጋ ዝርዝር የሚዞር የማስመሰል ሰላምታ ከግልጽ ማስታወቂያ የከፋ ነው፤ ገዢውም ፈጥኖ ያውቀዋል። ምንም ሳይገዛ ለቀረ ሰው ሳይቀር በጎ አሳቢ ሆኖ የሚቈይ ነጋዴ ብቻ ወዳጅ ሊባል ይገባዋል።

ከየካ ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ ተራራ የሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ዛፍ ያያል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፥ ፈጥኖም ለማገዶና ለግንባታ ይቈረጣል፤ ጽድ ግን ቀስ ብሎ አድጎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ነጋዴ ለዕለት ጒርሱ የዛሬውን ገበያ መሻቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ጽድ መትከልን አይርሳ።