«ጋሼ፣ ስንት ኪሎ መቀነስ ይፈልጋሉ?»

የዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ከመርጡለ ማርያም በደረሰን ደብዳቤ ላይ ያተኩራል። ጉዳዩ የብዙ አባቶችና እናቶች ስለሆነ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ዕድሜዬ 67 ነው። በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ 7 ዓመት ሆነኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጃችን ለዘመን መለወጫ ሲመጣ፣ ከመቀመጫዬ ስነሣ ጉልበቴን ይዤ ማቃሰቴን አየና፣ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ወጣት የስፖርት መምህር በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያሠራኝ አነጋገረልኝ። ወጣቱ እኔው ያስተማርሁት ነው። በመጀመሪያው ቀን ‹ጋሼ፣ ስንት ኪሎ መቀነስ ይፈልጋሉ?› አለኝ። እኔ ከሲታ ሰው ነኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። ‹አንተ እንዳልህ› ብዬው መጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በክረምት ከገበያ ስመለስ ጭቃው አንሸራቶኝ ወድቄ ነበር። ለባለቤቴ ‹አህያ ረጨኝ› አልኋት። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት እፈራለሁ። የደም ግፊት ኪኒን እንደምወስድም ለልጁ አልነገርሁትም። ምን ልበለው? አደራ፣ ስሜን እንዳትጽፉ።»

የተከበሩ አባታችን፣ ስምዎን አልጻፍንም። ይሁን እንጂ ባለቤትዎ ይህን መጽሔት የሚያነቡ ከሆነ የአህያዋ ነገር መታወቁ አይቀርምና፣ እትሙ እጃቸው ሳይገባ ቀድመው ቢነግሯቸው እንመክራለን።

ወጣቱ ስለ ኪሎ የጠየቀው ብዙ ሰው ወደ አሰልጣኝ የሚሄደው ቦርጭ ለማጥፋት ስለሆነ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ግን ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ማድረግ መቻል እፈልጋለሁ?» የሚለው ነው። ካሌብ በ85 ዓመቱ ኢያሱ ፊት ቀርቦ ተራራማውን አገር ለይቶ ጠየቀ እንጂ «አንተ እንዳልህ» አላለም። እርስዎም ተራራዎን በስሙ ይጥሩት። «ከመደብ ላይ እጄን ሳልደገፍ መነሣት እፈልጋለሁ። ተንበርክኬ ጸልዬ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት እፈልጋለሁ። ቁልቁለቱን ሳልፈራ ገበያ ደርሼ መመለስ እፈልጋለሁ።» አሰልጣኝ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያሠራ ያውቃል።

ምናልባት «ዕድሜዬን ሙሉ ዳገት የወጣሁ ሰው ስፖርት ለምኔ?» ይሉ ይሆናል። በእግር መሄድ ለልብና ለሳንባ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እንዳያቋርጡት። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሚዛን መጠበቅም ይደክማል። እነዚህን የሚመልሰው በተለይ ለእነርሱ የሚሠራ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል።

«ጊዜው አልፎብኛል» አይበሉ። በአሜሪካ ቦስተን ተካሂዶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 90 ዓመት ገደማ የሆናቸውን የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት ክብደት በእግር እንዲያነሡ አድርጎ ነበር። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። የተሳተፉት ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም፣ ያረጀ ጡንቻም እንደሚታዘዝ አሳይተዋል።

መነሻዎን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ። እጀታ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ባለቤትዎ ይቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል፣ ለመውደቅም ተጋልጧል ማለት ነው። ቁጥሩን ይጻፉት። ይህንኑ «ቁጭ ብድግ» ድሮ ተማሪ ሲያጠፋ ያስደርጉት እንደነበር እንገምታለን፤ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ውኃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይዞ መሄድም ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሦስት ነገሮችን ከአሰልጣኝዎ አይሸሽጉ።

አንደኛ፣ መውደቅዎን። የወደቀ ሰው ፈርቶ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴ ሲቀንስ እግሩ ይዝላል፤ እግሩ ሲዝል ደግሞ እንደገና ይወድቃል። ይህ አዙሪት የሚሰበረው በመናገር ነው።

ሁለተኛ፣ ኪኒንዎን። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ሲነሡ ያዞራል። ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ከባድ ነገር ማንሣት የለበትም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ወደ ጤና ባለሙያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩ፤ ስለ አወዳደቅዎም ይንገሩት።

ሦስተኛ፣ ሕመምዎን። በማግስቱ ጡንቻ ቢጠዘጥዝ የተለመደ ነው። ደረት ከወጋዎ፣ ካዞርዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ወዲያው ያቁሙ፤ ካልተወዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ልክ የሆነ እንቅስቃሴ እያወሩ ሊሠሩት የሚችሉት፣ መዝሙር ለመዘመር ግን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነው።

«ባስተማርሁት ልጅ ፊት እንዴት ድካሜን ልናገር?» የሚለው ስሜት ይገባናል። ግን እስኪ ያስታውሱ፤ ትምህርቱ ሳይገባው «ገባኝ» እያለ ራሱን የሚነቀንቅ ተማሪ ምን ያህል ያስቸግርዎ ነበር? ሊረዱት የማይችሉት እርሱን ነበር። ዛሬ ተማሪው እርስዎ ነዎት።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ለሁለታችሁም ነው። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል፤ የእናታችን መውደቅ ከአባታችን ይልቅ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቁጠር፤ ከዚያ ተራ ተለዋወጡ። ገበታችሁም ከሽሮና ከምስሩ ጋር በአቅም እንቁላል ወይም አይብ ይኑረው፤ ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባምና።

አባታችን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወጣቱን «ልጄ፣ የምቀንሰው ኪሎ የለኝም፤ የምወርደው ቁልቁለት ግን አለኝ» ይበሉት። በየወሩ በወንበሩ ራስዎን እየለኩ ለገና ቁጥርዎን ይላኩልን። የባለቤትዎንም ቁጥር እንጠብቃለን።

ሰላም ሁኑ።