ጫጫ ላይ ሒሳቡ ይጎድላል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ ጫጫ አጠገብ «ሾፌር፣ ርገጠው!» የምንለው እኛው ተማርን ባዮቹ ነን። ሒሳቡስ ቀላል ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ቢዞር፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ለ4 ቢያካፍሉት፣ የጎማው ዙሪያም 2 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ማርሽ የፈቀደውን ሁሉ ሞተር አይችለውም። ጫጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ ከፊት የሚመጣው ግን አይጠብቅም። ታግሦ የሚከተለውን ሾፌር ፈሪ አንበለው፤ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው የሠራው እርሱ ነው።