ብሮሸሩ ከመታተሙ በፊት



በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውኃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ዕድር መዋጮ ነው። የዛሬው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ጉዳዩ የጎንደር ቢመስልም እኛንም የሚነካ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በሠፈራችን ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ አለ። የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። አገሩ ጎንደር ያለ አንድ የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር አዲስ አባል የሚጠራበትንና ዓላማውን ለወላጆች የሚያስረዳበትን ብሮሸር እንዲያዘጋጅ አዞታል። እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የአማርኛ መምህር መሆኔን ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ፊደሉን ይዩልኝ» ብሎ ረቂቁን አመጣልኝ።

ፊደሉስ ደኅና ነው። ያልተመቸኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጫማ የሌለው ሕፃን ሲያለቅስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። በውስጡ «ይመዝገቡ፣ እስራኤል ይሂዱ» የሚል ዓይነት አነጋገር አለ። ስለ አባቶቹና ስለ እናቶቹ ሙያ ግን አንዲት ቃል የለችም። «አያትህ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሸክላ» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ይስቁብናላ!» አለኝ።

ይህች መልስ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። የሚስቀውን ሰው አውቀዋለሁና። እኔው ነኝ፤ እኛው ነን። በልጅነቴ ገበያ ስንወጣ እናቴ በሸክላ ሻጮቹ በኩል ስናልፍ ዓይን እንዳይበላኝ በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። እነዚያ ሴቶች ቤተ እስራኤል እንኳ አልነበሩም፤ እንደኛው ክርስቲያኖች ነበሩ። ጥፋታቸው ጭቃ አቡክተው እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ መሥራታቸው ብቻ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥልንም ሰው እንደዚሁ። ማረሻውን ወስደን እናርስበታለን፤ ሰውየውን ግን ቡዳ እንላለን።

ቤተ እስራኤል ወደ እጅ ሥራ እንዴት እንደገቡ ማወቅ ይጠቅማል። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ፣ ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚነገረው፣ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይኖረው ታወጀ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል። ስለሆነም ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ግንበኛ ሆኑ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያሠሩ ከሠራተኞቹ መካከል እነርሱም ነበሩበት። እኛ ሄደን የምንደነቅበት ግንብ ማለት ነው!

አሁን ወደ ብሮሸሩ ልመለስ። በ1929 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኢየሩሳሌም የተቋቋመው ብኔይ አኪቫ የተባለው የአይሁድ ወጣቶች ድርጅት በጎንደርም ወጣቶችን ሲያሰባስብ ቆይቷል። መፈክሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኦሪትና ሥራ» ማለት ነው። የአውሮፓው አይሁድ ወጣት እጁን ከአፈር ጋር ለማላመድ መፈክር አስፈልጎት ነበር። የጎንደሩ ልጅ አያት ግን መፈክሩን ሳይሰሙ ኖረውበታል። ታዲያ ይህንን ደብቆ የሚያለቅስ ሕፃን ከፊት ማስቀደም ምን ይባላል?

ለልጁ የነገርኩት በአጭሩ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ስም። «ፈላሻ» የሚለው «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ፣ መጻተኛ ናችሁ የሚል ስም ነው። ራሳቸው የሚጠሩበት ቤተ እስራኤል ነውና በብሮሸሩም እንዲሁ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ። የሕፃኑ ወላጆች ተጠይቀዋል ወይ? ደግሞስ ወጣት በልቅሶ ይጠራል እንዴ? በጨዋታ፣ በትምህርትና በሥራ ነው የሚጠራው።

ሦስተኛ፣ ተስፋ። ማኅበር የማይሰጠውን ነገር በወረቀት አይሰጥም። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በሱዳን በኩል ሲሄዱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል። በዘመቻ ሰሎሞን ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወስደዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል መንግሥት 9 ሺህ ያህል ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ እንዲገቡ ቢወስንም፣ ጊዜው ሲያልፍ ብዙዎቹ ገና በጥበቃ ላይ ነበሩ። ዕድሜውን በመጠበቅ ለጨረሰ ቤተሰብ «ተመዝገብና ትሄዳለህ» ማለት ግፍ ነው።

አራተኛ፣ ሃይማኖቱ በግልጽ ይነገር። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚከበረው ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ቄሶቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው። ግዕዝ ደግሞ ለጎጃም፣ ለቅኔው አገር፣ እንግዳ አይደለም። ይህን ያነበበ ጎረቤት ከፍርሃት ይልቅ ዝምድና ይሰማዋል።

«የእነሱን ወረቀት እነሱ ይጻፉ፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ እነሱ ይጻፉት። እኔም አልጻፍኩለትም፤ ያየሁትን ነግሬ ረቂቁን መለስኩለት። ነገር ግን ልጁ የአያቱን ሙያ የዘለለው አማርኛ አጥሮት ሳይሆን እኛን ፈርቶ ነው። በበኩሌ የእኛ ድርሻ ይህ ነው እላለሁ፦ ሲጽፉት እንዳይፈሩ ማድረግ።

አሁን አያቱን አስፈቅዶ፣ እጃቸው ጭቃው ላይ እንዳለ ፎቶግራፍ አንሥቶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያወጣው አስቧል። ሲታተም አንድ ቅጂ እንደሚያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ፈቃዱ ከሆነ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

እስከዚያው ግን በሚቀጥለው ገበያ ምጣድ ስንገዛ፣ በዋጋ ከመከራከራችን በፊት የሸክላ ሠሪዋን ጤና እንጠይቅ። ልጆቻችንም አጠገባችን ቆመው ይስሙ። ስድቡን ከእኛ እንደተማሩት ሰላምታውንም ከእኛ ይማሩ።

ሐሳቤ ይኸው ነው፤ ያለው ይጨምርበት።

ከሠፈሩ ነዋሪዎች አንዱ፣ ጡረተኛ መምህር