ጎተራው በኪሳችን ነው



የዘመናችን ወጣት ደመወዙን ወይም ከቤተ ሰቡ የተላከለትን የወር ገንዘብ በተቀበለ ዕለት አስቀድሞ ከሚያስባቸው ወጪዎች አንዱ የኢንተርኔት ጥቅል ሆኗል። የቤት ኪራይ አለ፤ ቀለብ አለ፤ የታክሲና የአውቶቡስ አለ፤ ከእነዚህ ጋር ደግሞ ዳታ የሚባለው አዲስ ተመጋቢ መጥቶ ከማዕዱ ተቀምጧል። የዚህ ተመጋቢ ጠባይ ልዩ ነው። እንጀራ ሲበላ ከመሶቡ መጉደሉ ይታያል፤ ዳታ ግን ሲበላ አይታይም፤ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ጥቅሉ ባለቀ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስልኩን እንደ ሞተ ነገር ትቈጥሩታላችሁ። «ዳታ የለኝም» ስትሉ ነገሩ «ስልክ የለኝም» እንደ ማለት ይሆንባችኋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስማርት ስልክ ውኃ ሲመጣ ብቻ የሚያገለግል ቧንቧ አይደለም፤ ጎተራም ነው። ገበሬ እህሉን ከዐውድማ አንሥቶ በጊዜው ጎተራ ያገባል፤ ክረምቱንም ከዚያ እያወጣ ይበላል እንጂ በየምሳው ሰዓት ወደ ዐውድማ አይሮጥም። እናንተም ስልካችሁን እንዲሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። እንዴት እንደ ሆነ በተራ በተራ እንመልከት።

መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን ያስፈልጋል። ጥቅል ሳይኖር የሞባይል ዳታው ክፍት ሆኖ ከተተወ፣ ስልኩ በኪስ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ከዋናው ሂሳብ ላይ ሊበላ ይችላል። መተግበሪያዎቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ራሳቸውን ያድሳሉ፤ ፎቶግራፍ ያወርዳሉ፤ መልእክት መምጣት አለመምጣቱን ይጠይቃሉ። በማግሥቱ ጧት እናት ቤት ለመደወል የታሰበው ካርድ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ልጅም «ደውሉልኝ» የሚል መልእክት ለእናቱ ለመላክ ይገደዳል። በዚህ የሚጐዳው ኪሱ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱም «ልጄ ምን ቸገረው?» ብላ አሳብ ይገባታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በማትጠቀሙበት ጊዜ የሞባይል ዳታውን ዝጉ። ሁለተኛ፣ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ መተግበሪያዎች የሚታደሱት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን እዘዙ፤ ዳታ ቈጣቢ የሚባለውንም ክፈቱ። ሦስተኛ፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ውስጥ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳይወርድ ከልክሉ፤ የምትፈልጉትን ብቻ በእጃችሁ ነክታችሁ ታወርዳላችሁ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ በ*804# ቀሪ ሂሳባችሁን አልፎ አልፎ ተመልከቱ። ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው ሌባውንም ቶሎ ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር፣ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ነው። ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው የቦታ መፈለጊያው ነው። ጂፒኤስ የሚባለው ሥርዐት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚዞሩ ሳተላይቶች የሚሠራ ሲሆን፣ ስልካችሁ ከእነርሱ የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደ እነርሱ የሚልከው ነገር የለም። ራዲዮ አድማጭ ለጣቢያው መልስ እንደማይልክ ሁሉ ማለት ነው። ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ካገኘ ያላችሁበትን ቦታ ያሰላል፤ ለምልክቱም ሆነ ለስሌቱ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ኢንተርኔት ሳይኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ስፍራ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለካርታው ነው። ካርታውን ግን አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። በጉግል ካርታ የምትፈልጉትን ከተማ መርጣችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ደግሞ የአንድን አገር ካርታ በሙሉ ያወርዳል። ወደ ማያውቀው ወረዳ ለሥራ የሚላክ ጀማሪ ሠራተኛ፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ፣ ከመነሣቱ በፊት ይህን ቢያደርግ ማንንም ሳያስቸግር መንገዱን ያገኛል።

ገንዘብ መላክና ሂሳብ ማየትም የግድ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለስማርት ስልክ ባለቤት ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም፤ ተራ ስልክ የያዘም ሰው *127# ደውሎ ይገለገልበታል። ብዙዎቹ ባንኮችም እንደዚሁ ያለ የራሳቸው አጭር ቍጥር አላቸው። ዳታ አለቀ ብላችሁ የቤት ኪራይ ቀን አታሳልፉ።

የጽሑፍ መልእክትም አለ። ስለ እርሱ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ መቶ ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት እንደ ሁለት ይቈጠራል። በአማርኛ መጻፉን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ አሳጥራችሁ ጻፉ ማለቴ ነው። «እማዬ በደኅና ገብቻለሁ፤ እሑድ እመጣለሁ» ቢባል ክፍት ቦታው ሳይቀር 25 ምልክት ነው፤ ለእናትም ይበቃታል።

ኤፍ ኤም ራዲዮ ያለው ስልክ የያዛችሁም ዕድለኞች ናችሁ። የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ እንደ አንቴና ሆኖ ስለሚያገለግል እርሱን ሰክታችሁ ሸገርን ወይም ኤፍ ኤም አዲስን ያለ አንዳች ዳታ ትሰማላችሁ። ያንኑ ጣቢያ በኢንተርኔት መስማት ግን ዳታ ይበላል።

እንግዲህ ወደ ጎተራው እንመለስ። ጎተራውን በምን እንሙላው? ከሁሉ አስቀድሞ የነገሮቹን ክብደት ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የእኛ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ይህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ በሙሉ ፊደሉ ብቻ ቢላክ ከ30 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በአንድ ሜጋባይት ውስጥም እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ከ30 በላይ ይገባል። አንድ ሰዓት የሚታይ ቪዲዮ ግን በመጠነኛ ጥራት እንኳ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይፈጃል። ስለዚህ ንባብ ርካሽ፣ ሥዕል ውድ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ደግሞ እጅግ ውድ መሆኑን አትርሱ። ድኻ የሚያደርገን ትምህርቱ ሳይሆን፣ ጣታችንን ወደ ላይ እየገፋን የምናሳልፈው የአጫጭር ቪዲዮ ሰልፍ ነው።

ተማሪ የሆናችሁ የመማሪያ መጻሕፍቱንና የቀድሞ ፈተናዎችን ቅጅ አውርዳችሁ አስቀምጡ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ የምትሠሩበትን መሥሪያ ቤት አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ሰብስባችሁ ያዙ፤ አለቃ በጠየቀ ጊዜ አንቀጹን ወዲያው የሚያወጣ ሠራተኛ ይከበራል። መዝገበ ቃላትም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ምረጡ። ከዚህም በላይ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 የተጀመረ ሲሆን፣ ሥራው ዊኪፔዲያን የመሰሉ መዛግብትን ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ማስነበብ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ለብዙ ስልክ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የተቀነሰለት ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ የተወሰነ ቅጅ አለ። የአማርኛው ትንሽ ስለ ሆነ በቀላሉ ይገባል።

የሚሞላበትስ ቦታ ከወዴት ነው? ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የግቢያችሁ ዋይፋይ አለ። ከተማ ያላችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ወደ ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ወደ ተከፈተው አብርሆት ስትገቡ፣ ኢንተርኔቱ ለአንባቢ ክፍት መሆኑንና እንዴት እንደሚገባበት ሠራተኞቹን ጠይቁ። አንድ ቡና አዝዞ በሚቀመጡበት ካፌም ዋይፋይ ይገኛል። ነገር ግን ሳታቅዱ አትሂዱ። በሳምንቱ ውስጥ «ይህን ባነብ» ያላችሁትን በወረቀት ላይ መዝግባችሁ፣ በቦታው ስትደርሱ በዝርዝሩ መሠረት አውርዱ። ያለ ዝርዝር ገበያ የወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ረስቶ የማያስፈልገውን ገዝቶ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ።

አንዱ ያወረደውን ሌላው ደግሞ ማውረድ የለበትም። ሁለት ስልኮች ጐን ለጐን ሆነው በብሉቱዝ ወይም ኩዊክ ሼርና ዜንደርን በመሳሰሉት መንገዶች ፋይል ይለዋወጣሉ፤ ለዚህም ዳታ አይነካም። በአንድ የመኝታ ክፍል የሚኖሩ ስድስት ተማሪዎች ቢኖሩ፣ አንዱ የሒሳቡን፣ አንዱ የፊዚክሱን፣ አንዱ የታሪኩን እያመጣ ቢካፈሉ፣ በአንድ ሰው ድካም ስድስት ሰው ይጠቀማል። ይህ ከእድርና ከዕቁብ የለመድነው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ በሕዝብ ዋይፋይ ላይ ጥንቃቄ አይለያችሁ። ማንኛውም ተንኰለኛ የካፌውን ስም የመሰለ ስም ሰጥቶ የራሱን ዋይፋይ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛውን ስም ከቤቱ ሠራተኛ ጠይቁ፤ የባንክ ጉዳያችሁን በእንደዚህ ያለ ቦታ አትሥሩ፤ የይለፍ ቃላችሁን ለሚጠይቃችሁ ያልታወቀ ገጽ አትስጡ፤ ምንጩ ያልታወቀ መተግበሪያም ከጓደኛ በመጣ ጊዜ ዝም ብላችሁ አትጫኑ።

ስለ ጨዋነትም ጥቂት ልበል። ከዳታ ወጪ መዳን ማለት ወጪውን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ማለት አይደለም። በየቀኑ «እባክህ ሆትስፖት ክፈትልኝ» የሚል ባልደረባ አለ። ጓደኛው አፍሮ ይከፍትለታል፤ ሲዘጋበት ይቀየማል። የጐረቤትን የይለፍ ቃል በዘዴ አግኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም የሚያወርድም አለ። ይህ ብልኅነት ሊባል አይገባውም። የመሥሪያ ቤት ዋይፋይም የሕዝብ ንብረት ነው፤ አዋጅ ለማውረድና በሥራ ሰዓት ተከታታይ ድራማ ለማውረድ አንድ ዐይነት ፈቃድ የለም። አንድ ቀን ለቸገረ ጉዳይ ከጓደኛ መዋስ ግን ነውር የለበትም፤ ብድሩን መመለስ ብቻ አይረሳ።

ደግሞም እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገር። ጎተራ ሁሉን አይተካም። የሥራ ማስታወቂያ የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ፣ የፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ባሕር ማዶ ካለ ወንድም ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ሲያስፈልግ ኢንተርኔቱ በሰዓቱ የግድ ነው። እንደዚህ ላለው ጉዳይ ትንሽ ጥቅል ገዝቶ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ፣ መልሶ መዝጋት ነው። ጥቅል መግዛት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ለምን እንደ ገዛን ሳናውቀው ማለቁ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኋችሁ ስለ ጥቂት ብር ብቻ አይደለም። ዳታው ሁልጊዜ ክፍት የሆነለት ሰው የሚያነበውን ብዙ ጊዜ ስልኩ ይመርጥለታል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል መሽቶ ይነጋበታል። ጎተራውን አስቀድሞ የሞላ ግን ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል የሚያገኘው ራሱ መርጦ ያስቀመጠውን ነው። ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ ጀማሪ ሠራተኛም ሆነ ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ በስልካችሁ ማስተካከያ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፍታችሁ፣ ባለፈው ወር ከሁሉ ይልቅ የበላው የትኛው መተግበሪያ እንደ ሆነ ተመልከቱ። አጠገቡም ከእርሱ ያገኛችሁትን ጥቅም በወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለቱ ከተመጣጠኑ መልካም ነው፤ ካልተመጣጠኑ ከየትኛው እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ። ደኅና ሰንብቱ።