ቴርሞሜትሩ ይምጣ፣ ገመድ አልባነቱ ይቅር



ገመድ አልባ የሥጋ ቴርሞሜትር በውጭ አገር ማእድ ቤቶች እየተለመደ የመጣ ዕቃ ነው። እርሳስ የሚያህል የብረት ዘንግ ሲሆን ሹል ጫፉ ሥጋው መሐል ይሰካል፤ የውስጡን ሙቀት ለክቶም በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። አብሳዩ ሳሎን ተቀምጦ ሥጋው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ከስልኩ ያነባል። ለአረፋ ወይም ለሰርግ ከውጭ ወደ ዓለም ከተማ የሚመጣ ዘመድ ‹‹ምን ይዤላችሁ ልምጣ?›› ብሎ ሲደውል ይህን ዕቃ ማዘዝ ይገባል ወይስ አይገባም? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቴርሞሜትሩ ይምጣ፣ ገመድ አልባነቱ ግን ይቅር የሚል ነው።

‹‹ለመሆኑ ቴርሞሜትር ለምን አስፈለገ? ዓይናችንና አፍንጫችን አይበቁም ወይ?›› የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አይበቁም። በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1993) በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ከአንድ የፈጣን ምግብ ድርጅት ሃምበርገር የበሉ ከ700 የማያንሱ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናትም ሞቱ። ምክንያቱ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አደገኛ ዝርያ ሲሆን፣ የተፈጨው ሥጋ ውስጡ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ለገበታ ቀርቦ ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከዚያ ወዲህ ለሕዝቡ እንዳስታወቀው፣ ከአራት ሃምበርገር አንዱ አስተማማኝ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ውስጡ ቡናማ ይሆናል። መልኩ የበሰለ ይመስላል፣ ተህዋሲው ግን በሕይወት አለ። በእኛ ምግብ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣና በርበሬ ሲጨመርበት መልኩን አይቶ መፍረድ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ሃምበርገር የሩቅ ነገር ቢመስልም የቅርብ ዘመዱ ክትፎ እኛ ገበታ ላይ አለ። ዱለትም እንዲሁ። ሥጋ ሙሉውን ሲሆን ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው የሚገኙት በላዩ ላይ ነው፤ እሳትም መጀመሪያ የሚያገኘው ላዩን ነው። ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ፣ ቢላዋው፣ መክተፊያውና እጃችን የነካው ጭምር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ላዩ በደንብ የተጠበሰ ዝልዝል የሚያገኘውን ጥበቃ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ አያገኝም። ዱለት ከዚህም ይብሳል፤ ጨጓራና ጉበት አብረው የሚከተፉበት ነውና። የአረፋ ዕለት ብዙዎቻችን ከሰላት በፊት ምንም ሳንቀምስ ወጥተን እንመለሳለን። በጉ ታርዶ ገና ሳይበለት ‹‹ዱለቱ የታለ?›› ይባላል፤ የምታበስለዋም እናት ድስቱን ከእሳት ቶሎ ለማውረድ ትገደዳለች። ቴርሞሜትር ሊገባ የሚገባው በዚህች የጥድፊያ ሰዓት ነው።

አንዳንድ ወገኖች ‹‹ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ሥጋ አይጎዳም›› ሲሉ ይሰማል። ይህ ሁለት ነገሮችን ማደባለቅ ነው። በሥርዓቱ መታረዱ ሥጋውን ሐላል ያደርገዋል፤ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠውን የኮሶ ትል ዕጭ ግን አይገድለውም። ቁርአን ሐላልን ከጠይብ፣ ማለትም ከመልካሙና ከንጹሑ ጋር አጣምሮ መጥራቱን ሁላችንም እናውቃለን። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሳሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ሲግጥ ይወስደዋል፤ ጡንቻው ውስጥም አተር የምታህል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ አድርጎ ሲበላ አንጀቱ ውስጥ አድጎ ብዙ ሜትር ይረዝማል። አያቶቻችን የኮሶ አበባ ጠጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ተንገላተው ያስወጡት ነበር። ዛሬ ክኒን አለ። ሆኖም ክኒኑ ትሉን ቢያስወጣም በሚቀጥለው የክትፎ ግብዣ እንዳይመለስ አያደርግም። ዕጩ ሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል፤ ይህም ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በጣም ያነሰ ነው።

ይህ ኮሶ የሚመጣው ከከብት ነው። መንዝና መርሐቤቴ የበግ አገር ስለሆነ ‹‹እኛን አይመለከተንም›› የሚል ካለ ግን ቶክሶፕላዝማ ስለሚባለው ተህዋሲ ይስማ። በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ቢይዘው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ግን ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ፣ ሊያስወርዳት፣ ወይም የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። እርሱም ቢሆን 70 ዲግሪ ሳይደርስ ይሞታል። ለነፍሰ ጡር ‹‹ጉልበት ይሆንሻል›› እየተባለ ያልበሰለ ጉበት ማጉረስ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው፤ ጉዳቱን ግን ፍቅር አያስቀረውም።

እንግዲህ ሙቀቱን መለካት ከጠቀመ ገመድ አልባውን ለምን እንተወዋለን? ዕቃው የተሠራው ትልቅ ታፋ ወይም ሙሉ ዶሮ ኦቨን ውስጥ ከትቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው ነው። አብዛኞቹ ዘንጎች የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ሥጋው ውስጥ መቀበር አለባቸው፤ አለዚያ በውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮኒክስ በሙቀቱ ይበላሻል። የእኛ ጥብስ ቁራጭ ለዚያ አይበቃም። ወጥና ቅቅል የምንሠራበት ድስት ብረት ስለሆነ ሲከደን የብሉቱዙን ሞገድ ያፍነዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ያዳክመዋል። ዘንጉ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ስልኩም ቻርጅ ይፈልጋል፤ መብራት የሄደ ዕለት ሁለቱም ጌጥ ናቸው። ደግሞስ ዱለት የምታማስል ሴት ከድስቷ አጠገብ ቆማ ሳለ ስልክ ምን ያደርግላታል? ቀጭን መርፌ ያለው፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ከተወጋ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቁጥሩን እራሱ ላይ የሚያሳይ ተራ ቴርሞሜትር ይበልጣል። በዋጋም ከዚያኛው በብዙ ይረክሳል። በግ ሙሉውን የሚጠብስ የሰርግ አብሳይ ካለ ገመድ አልባው ለእርሱ ይስማማዋል።

ቴርሞሜትሩ ሲመጣ መጀመሪያ ይፈተሽ። በፈላ ውሃ ውስጥ 100 ዲግሪ ማሳየት እንዳለበት የሚናገር መመሪያ ካጋጠማችሁ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ መሆኑን እወቁ። ዓለም ከተማ 2,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ዓለም ከተማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የመንዝ ደጋ 90 ገደማ ይሆናል፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ከፍ ይላል። ዓለም ከተማ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ከገጠማችሁ የተሳሳተው እርሱ ነው። ፍሪጅ ያለው ሰው በተፈጨ በረዶና በውሃ ድብልቅም ሊፈትሸው ይችላል፤ በየትኛውም ከፍታ ዜሮ ማሳየት አለበት።

‹‹ታዲያ ውሃችን ከ100 በታች ከፈላ ምግባችን ጥሬ ነው ማለት ነው?›› አይደለም። ተህዋስያኑ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚሞቱ የደጋ ሰው በዚህ ሊሰጋ አይገባም። የሚዘገየው የሥጋው መለስለስ ነው። የመንዝ እናት ቅቅሏን ከቆላው እህቷ አስበልጣ እሳት ላይ የምታቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ምንቸት አብሽና ዶሮ ወጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተኩ ቴርሞሜትር አያሻቸውም፤ እናቶቻችን እዚያ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣሉ።

ስለ ቁጥሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የምግቡ መሐል 70 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። አሜሪካኖች ለተፈጨ ሥጋ 71፣ ለዶሮ 74፣ ላልተከተፈ የከብትና የበግ ሥጋ ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ አድርገው 63 ይላሉ። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ስለሚያስቸግር ለቤታችን አንድ ቁጥር፣ 75ን ብንይዝ ይበቃናል። ክትፎ ወዳጆች ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። መርፌው አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ መሐል ይሰካ። ክትፎ ወይም ዱለት ከሆነ ድስቱ መሐል ሰብሰብ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ውጉት። ጥሬውን የወጋ መርፌ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ወደበሰለው አይመለስ፤ ካልሆነ ተህዋሲውን ራሳችን መልሰን አስገባነው ማለት ነው። በረመዳን ሳምቡሳ የምትሠሩ እህቶችም ሥጋውን አስቀድማችሁ አብስሉት፤ ቂጣው ቶሎ ስለሚቀላ ጥሬ የታሸገበት ሳምቡሳ ውስጡ ሳይበስል ከዘይት ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ቴርሞሜትር የማያየው ነገር አለ። አባ ሰንጋ ይዞት ሲያጣጥር የታረደ ከብት ሥጋ 75 ቀርቶ ውሃ እስኪፈላ ቢቀቀል አይታመንም፤ የበሽታው ዘር በፈላ ውሃም አይሞትም። በክት ለእኛ ክልክል ነው። ነገር ግን ‹‹ሳይሞት ደረስንበት›› ተብሎ በርካሽ የሚከፋፈለው የታመመ ከብት ሥጋ ከዚያ የማይሻል አደጋ አለው፤ ለእንስሳት ሐኪም ሳይነገር ሊነካም አይገባም። እንዲሁም በስሎ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ የቆየ ሥጋ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የረጩበት መርዝ ሲሞቅ አይጠፋም። ከሰርግ የተረፈው ቶሎ ይከፋፈል፣ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ይግባ።

ለአንድ ሠፈር አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል። በየበዓሉና በየሰርጉ ድስት ከሚጥዱት እናቶች ዘንድ ተቀምጦ የፈለገ ቢዋሰው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ 75 ምን ያህል እንፋሎትና ድምፅ እንዳለው እጃቸውና ዓይናቸው ይለምደዋል። ለሚመጣው ዘመድ ስትነግሩት ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ የአሜሪካ ዕቃ የሚያነበው በፋራናይት ስለሆነ ወደ ሴንቲግሬድ የሚቀይር ቁልፍ ያለው ይሁን። ከሌለው 167 የሚለውን ቁጥር ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ የእኛ 75 እርሱ ነው።