ጆን ብራውንን ስናወድስ የገዛ ቤታችንን እንመርምር

በጄን ኤንድ ፊንች በምንሰበሰብበት የጥናት ክበብ በቅርቡ የተወያየነው በባርነት ላይ ስለ ዘመቱት የካንሳስ ሽምቅ ተዋጊዎች ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን። ከስብሰባው ስንወጣ ግን አንዱ ጓዳችን በመንገድ የሚያልፈውን ጥቁር ጎረቤታችንን በአማርኛ «ባርያ» አለው፤ እኛም ሳቅን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ሳቅ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1854 የወጣው ሕግ በካንሳስ ባርነት ይፈቀድ ወይም ይከልከል የሚለውን ለሰፋሪው ድምፅ ተወው። የሚዙሪ ባርያ አሳዳሪዎችና ሎሌዎቻቸው ድንበር ተሻግረው ምርጫውን በጉልበት ያዙ፤ በግንቦት 1856 የሎውረንስ ከተማ ተዘረፈች። ብራውንና ጓዶቹ መሣሪያ ያነሡት ሕጉ ራሱ የባርያ ፈንጋይ ዘበኛ በሆነበት ጊዜ ነው። በዚያው ወር በፖታዋቶሚ አምስት ሰዎችን በሌሊት ከቤታቸው አውጥተው መግደላቸውን አንሸሽግም። ነገር ግን የዚያን ሌሊት ደም ቆጥሮ የዘመናቱን ጅራፍ የማይቆጥር ዳኛ አድልዎ አለበት። በታኅሣሥ 1858 ሚዙሪ ገብተው 11 ባሮችን ነፃ አወጡ፤ በክረምቱ ብርድ ተጉዘውም ካናዳ አደረሷቸው።

ብራውን በግንቦት 1858 የትግሉን ጉባኤ ያደረገው ዛሬ እኛ በምንኖርበት በኦንታሪዮ፥ በቻታም ከተማ ነው። ከተሰብሳቢዎቹ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። አንዱ፥ ኦስቦርን አንደርሰን፥ በ1859 ሃርፐርስ ፌሪ ድረስ ዘምቶ ብራውን ሲሰቀል እርሱ አመለጠ፤ ያየውንም ጻፈ። ጥቁሩን ነጭ ብቻውን ነፃ አወጣው የሚለው ተረት ሐሰት ነው።

እኛስ? «ለማንም ተገዝተን አናውቅም» እያልን እንኩራራለን፤ ማንን እንገዛና እንሸጥ እንደ ነበር ግን አንጠይቅም። በአገራችን በባርነት ላይ አዋጅ በ1924 ወጣ፥ በ1942 ደግሞ ፈጽሞ ተከለከለ። አዋጁ ሰንሰለቱን ቆረጠ እንጂ ስድቡንና የጋብቻ ክልከላውን አልቆረጠም።

ይህን ማንሣት ሕዝብን ይከፋፍላል የሚሉን አሉ። የከፋፈለው ስድቡ ነው እንጂ ስድቡን የሚያጋልጠው አይደለም።

እንግዲህ ጓዶች፥ ከራሳችን እንጀምር። ቃሉ ከአፋችን ይውጣ፤ የአገራችን የባርነት ታሪክ በጥናት ክበባችን ይግባ፤ ጥቁሩ ጎረቤታችን የትግል ወንድማችን ይሁን። ከብራውን ጓዶች የተጠየቀው ሕይወታቸው ነበር። ከእኛ ዛሬ የሚጠየቀው ምላሳችንን መግራት ነው፤ ይህን ካልቻልን ጭብጨባችን ውሸት ነው።